በያጁን ተዉት፤ ውፍረቱን ጠይቁ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ጉዳዩ የብረት ቢሆንም መጨረሻው ሰው ላይ ነው።

ዳባት ሂዱ ደባርቅ፣ የተበየደ ብረት በተሰነጠቀ ቁጥር የምትሰሙት ፍርድ አንድ ነው፤ «በያጁ አበላሸው!» የቅጥቅጡ ፖርቶመጋላ ከእግሩ ሲላቀቅ፣ በያጁ። አይሱዙው ላይ የቆመ ሰው የሚጨብጠው ቅስት ሲሰነጠቅ፣ በያጁ። የወፍጮ ቤቱ ሞተር መቀመጫ ሲከፈት፣ አሁንም በያጁ። ባለንብረቱ ተቆጥቶ ይመጣል። በያጁ አንገቱን ደፍቶ ሁለት ሦስት ኤሌክትሮድ ይጨርስበታል። ቀለም ይቀባል። መኪናው ተመልሶ ሊማሊሞን ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ ከአዲሱ ብየዳ ጥግ ሌላ ስንጥቅ ብቅ ይላል። ፍርዱ ግን አይለወጥም።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ እንዲህ እየተመላለሰ የሚሰነጠቅ መጋጠሚያ ብዙውን ጊዜ ብየዳው ከመጀመሩ በፊት የተበላሸ ነው። ያበላሸው ቱቦላሬ ሲገዛ ውፍረቱን ያልጠየቀ፣ ውል ሲጽፍ ውፍረቱን ያልጻፈ፣ በቀጭን ቱቦ ሆድ ላይ ጠባብ ቱቦ ትከልልኝ ብሎ ያዘዘ ሰው ነው። ያንን ሰው መናገር ስለምንፈራ፣ ወይም ያ ሰው እኛው ራሳችን ስለሆንን፣ በያጁ ላይ እንጮሃለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼው ነው።

ነገሩን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ከበሮ አስቡ። የቆዳውን መሐል በአውራ ጣታችሁ ስትጫኑት ይሰረጉዳል። ጠርዙን ስትጫኑት ግን ንቅንቅ አይልም። 40 በ40 የሆነ ቱቦላሬ አራት ገጽ አለው፤ እያንዳንዱ ገጽ እንደ ከበሮ ቆዳ ነው። ጥንካሬው ያለው ማዕዘኖቹ ላይ እንጂ የገጹ መሐል ላይ አይደለም። እዚያ መሐል ላይ 20 በ20 የሆነ ቅርንጫፍ ከበየዳችሁ፣ በቅርንጫፉ የሚመጣው ኃይል ሁሉ በቀጭኑ ገጽ ላይ ያርፋል። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ገጹ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይተነፍሳል። ኃይሉም ወደ ጠንካራዎቹ ጎኖች ለመድረስ ሲሻማ ቅርንጫፉ በተበየደበት ጠርዝ፣ በተለይም በአራቱ ማዕዘኖቹ ላይ ይጨናነቃል።

ይህን መጨናነቅ ሙያው «የውጥረት ክምችት» ይለዋል። ውጥረት ማለት ኃይሉ ሲካፈል ለሚሸከመው የብረት ስፋት ነው። በትምህርት ቤት መጀመሪያ የምንማረው አማካዩን ማስላት ነው። ብረት ግን በአማካዩ አይሰነጠቅም፤ የሚሰነጠቀው በከፋው ነጥብ ላይ ነው። ጀርመናዊው ኪርሽ በ1898 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በተወጠረ ሰፊ ላሜራ መሐል ያለ አንድ ክብ ቀዳዳ ብቻውን በጠርዙ ላይ ያለውን ውጥረት ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። አንድ ቀዳዳ ሦስት እጥፍ ካደረገ፣ በቱቦ ሆድ ላይ የተተከለ ቱቦ ስንት እጥፍ ያደርጋል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ አለ። ባሕር ላይ የሚቆሙት የነዳጅ ማውጫ መድረኮች በአብዛኛው ከተበየደ ክብ ቱቦ ስለሚሠሩ፣ ማዕበሉ ሌት ተቀን ሲመታቸው የት እንደሚሰነጠቁ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ሆነ። ከዚያ ሥራ ብዙ ቀመሮች ወጡ። ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራበት ኤፍቲሚዩ በ1988 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው። ቀመሩ የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፦ የዋናው ቱቦ ስፋትና ውፍረት፣ የቅርንጫፉ ስፋትና ውፍረት፣ የተጋጠሙበት ማዕዘን።

እስቲ ቁጥር እናስገባበት። ዋናው ቱቦ 76 ሚሊሜትር ስፋትና 1.6 ሚሊሜትር ግድግዳ ይኑረው። በላዩ ቀጥ ብሎ የተበየደው ቅርንጫፍ ደግሞ 38 ሚሊሜትር ስፋትና 1.6 ሚሊሜትር ግድግዳ። ቅርንጫፉ ሲጎተት ወይም ሲገፋ፣ በዋናው ቱቦ ጎን ላይ የሚፈጠረው ውጥረት በቅርንጫፉ ውስጥ ካለው አማካይ ውጥረት ወደ 26 እጥፍ ይደርሳል። አሁን የዋናውን ቱቦ ግድግዳ ብቻ ወደ 3.2 አሳድጉት። ብዜቱ ወደ 6 ይወርዳል። ያው ቅርንጫፍ፣ ያው ጭነት፣ ያው በያጅ፣ ያው ኤሌክትሮድ። ከ26 ወደ 6!

ታዲያ ይህን ልዩነት ያመጣው የማን እጅ ነው? የበያጁ ወይስ ሱቅ ገብቶ ቱቦ የመረጠው?

«ይኼ የክብ ቱቦ ነው፤ የእኛ አራት ማዕዘን ነው» ትሉኝ ይሆናል። እሺ። የአውሮፓ ኮድ 3 የብረት ድካምን የሚመለከተው ክፍሉ ስለ አራት ማዕዘን ቱቦም ይናገራል። ሰያፍ ቅርንጫፎች በዋናው ቱቦ ላይ ክፍተት ትተው ለሚገናኙበት የፍርግርግ መጋጠሚያ ደረጃ ያወጣል። ደረጃው ብረቱ 2 ሚሊዮን ጊዜ ቢወዛወዝ ሊችል የሚገባው የውጥረት መጠን ነው፣ በኒውተን ለካሬ ሚሊሜትር። የዋናው ቱቦ ግድግዳ ከቅርንጫፉ እጥፍ ከሆነ ደረጃው 71 ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ 36 ነው። ለእንዲህ ያለው መጋጠሚያ ኮዱ ዕድሜን የሚያሰላው በውጥረቱ አምስተኛ ኃይል ስለሆነ፣ የሁለቱ የዕድሜ ልዩነት ወደ 30 እጥፍ ይመጣል። እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? ዋናውንም ቅርንጫፉንም ከአንድ ዘንግ ቆርጠን እንሠራለን፤ «አንድ ዓይነት ቱቦላሬ ግዛ፣ ይቀልሃል» እንባባላለን።

2 ሚሊዮን ብዙ መሰላችሁ? መኪናው በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቢንገጫገጭ በሰዓት 3,600 ነው። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 28,800 ነው። በ70 የሥራ ቀን 2 ሚሊዮን ይሞላል። እርግጥ ሁሉም ንግጭት እኩል አይደለም፤ ትልቁ ጥቂት፣ ትንሹ ብዙ ነው። ግን መንገዳችንን አስቡት። ከደባርቅ በሳንካበርና በጨነቅ አድርጎ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ የሚሄደውን ጠጠር፣ ወይም ከሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወርዶ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ የሚዘልቀውን። ገብስና ድንች የጫነ ፖርቶመጋላ በእያንዳንዱ መታጠፊያ አንዴ ወደ ገደሉ፣ አንዴ ወደ ተራራው ይጎተታል። የሚጎትተው ደግሞ እግሮቹ የተበየዱበትን ያንኑ ቀጭን ገጽ ነው። ወደ በየዳ የሚሄደው መኪና በየሳምንቱ ካልተበየደ የማይሄድ ከሆነ፣ የወረዳውን ስም ለቀልድ ካልሆነ ለሌላ አልተጠቀምንበትም ማለት ነው።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልበል። የተበየደ ቱቦ ሁሉ ያሰጋል አላልኩም። የመስኮት ፍርግርግ፣ የግቢ አጥር፣ የልብስ መስቀያ ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ የሚኖር ነው። ጭነቱ አንድ ቦታ ረግቶ ሲቀመጥ ብረቱ በከፋው ነጥብ ትንሽ ይለጠጥና ሸክሙን ለጎረቤቱ ያካፍላል። ለስላሳ ብረት ይህ ጸጋ አለው። የሚያስፈራው እየተመላለሰ የሚመጣ ጭነት ነው፦ መኪና ላይ ያለ ሁሉ፣ ተጎታች፣ ጋሪ፣ የወፍጮና የጄኔሬተር መቀመጫ። እዚያ ላይ ብረቱ ይደክማል። የብረት ድካም ደግሞ ድምፅ የለውም። ባለንብረቱ አዲሱ ፖርቶመጋላ ላይ ወጥቶ ሁለቴ ይዘልና «ጠንካራ ነው!» ብሎ ሒሳቡን ይከፍላል። ሁለት ዝላይ ስለ ሁለት ሚሊዮኑ ምንም አይናገርም።

አሁን ወደ ትልቁ በሽታችን እንምጣ። ስንጥቅ ሲታይ ብየዳ መደራረብ፣ ወይም በላዩ ቁራጭ ላሜራ መለጠፍ።

ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ውስጥ ሳይሆን ከብየዳው ጠርዝ ነው፤ ብየዳው አልቆ የቱቦው ገጽ ከሚጀምርበት መስመር። እዚያ ላይ ብየዳ ስትጨምሩ ጠርዙን ጥቂት ሚሊሜትር ገፋችሁት እንጂ አላጠፋችሁትም። ገጹ ያው ቀጭን ነው። ኃይሉ ያው ነው። አዲሱ ስንጥቅ በአዲሱ ጠርዝ ይጀምራል። ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ላሜራ ከለጠፋችሁ ደግሞ ላሜራው የሚያበቃበት ቦታ ራሱ አዲስ የክምችት ነጥብ ይሆናል። «አጠነከርኩት» ያላችሁት ቦታ የሚሰበርበትን ስፍራ ቀየረ እንጂ መሰበሩን አላስቀረም።

ይህን የማይሰማ ሰው የአሌክሳንደር ኪላንድን ታሪክ ይስማ። በመጋቢት 18 ቀን 1972 ዓ.ም. (ማርች 27 ቀን 1980 እ.ኤ.አ.) በሰሜን ባሕር የኖርዌይ ክልል፣ 212 ሰው የተሳፈረበት ተንሳፋፊ መድረክ ተገለበጠ። 123 ሰው ሞተ። መነሻው ምን ሆኖ ተገኘ? መድረኩን ከያዙት ግዙፍ ቱቦዎች በአንዱ ላይ የተበየደች፣ የውሃ ውስጥ ድምፅ ማዳመጫ የምትይዝ ትንሽ የቱቦ ቁራጭ። ያ ዋና ቱቦ 2.6 ሜትር ስፋትና 26 ሚሊሜትር ውፍረት ነበረው። ቁራጯ የተያዘችው በ6 ሚሊሜትር ብየዳ ነው። ለመዋቅሩ ምንም የማትሸከም ስለሆነች ማንም እንደ ቁም ነገር አላያትም። ስንጥቁ ከእርሷ ብየዳ ተነሳ፣ ወደ ዋናው ቱቦ ገባ፣ ዙሪያውን ዞረ፣ ቱቦው ተበጠሰ፣ የመድረኩ አንድ እግር ተላቀቀ። መርማሪዎች በስንጥቁ ውስጥ ቀለም አገኙ። ይህም ማለት መድረኩ ተሠርቶ ሲቀባ ከስንጥቁ ጥቂቱ አስቀድሞ ነበረ ማለት ነው።

አሁን የእኛን መኪናዎች ተመልከቱ። የገመድ ማሰሪያ ቀለበት፣ የጎማ መስቀያ፣ የመብራት መያዣ፣ የመሰላል እግር፤ ሁሉም የተበየዱት ደስ ባለን ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ በዋናው ቱቦ መጋጠሚያ አጠገብ ነው። «ትንሽ ነገር ናት» እንላለን። ኪላንድ ላይም ትንሽ ነገር ነበረች።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልሂድ፤ ከአሁኑ እየሰማኋቸው ነው።

የመጀመሪያው፣ «ስንት ዓመት እንዲህ ስንሠራ ኖረናል፤ ምን ሆነ?» የሚለው ነው። ወንድሜ፣ አንተ የምትቆጥረው የቆመውን ነው። ተሰንጥቆ የተጠገነውን፣ ተጠግኖ የተሰነጠቀውን፣ መንገድ ላይ በገመድ ታስሮ ደባርቅ የደረሰውን አልቆጠርክም። በየጋራዡ ለጥገና የተሰለፈው ያ ሁሉ ብረት መልስ አልሆነህም?

ሁለተኛው ዋጋ ነው። ይህ እውነተኛ ተቃውሞ ነው፤ የብረት ዋጋ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ግን ሁሉንም አወፍሩ አላልኩም። ዋናውን አወፍሩ፣ ቅርንጫፉ ቀጭን ይሁን ነው ያልኩት። ቅርንጫፉን ማወፈር የዋናውን ገጽ አያድነውም፤ ገጹ ላይ የሚያርፈው ኃይል ያው ነውና። 40 በ40 የሆነ የ6 ሜትር ዘንግ በ1.2 ሚሊሜትር ግድግዳ ወደ 9 ኪሎ ይመዝናል፣ በ2 ሚሊሜትር ደግሞ ወደ 14 ኪሎ። ልዩነቱ በአንድ ዘንግ 5 ኪሎ ግድም ብረት ነው። ለዋናዎቹ ሁለትና ሦስት ዘንጎች የምትከፍሉት ትርፍ ይህ ነው። በሌላው ሚዛን ላይ የጥገናውን ገንዘብ፣ መኪናው የቆመበትን ቀን፣ ከጣሪያ ላይ የሚወርደውን ጭነትና ከሥሩ የሚቆመውን ሰው አስቀምጡ።

ሦስተኛው ከተማሩት የሚመጣ ነው፤ «እነዚያ ቀመሮች ለወፍራም ቱቦ የተሠሩ ናቸው፤ ለ1.5 ሚሊሜትር አይሠሩም»። ልክ ነው፤ ዓለም አቀፉ የቱቦ ብረት ኮሚቴ ሲዴክት ስለ ድካም ያወጣው መመሪያ ከ4 ሚሊሜትር በታች አይወርድም። ግን ከዚህ ምን ይከተላል? ቀጭን ቱቦ አያሰጋም ነው ወይስ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል? በአውስትራሊያ ማሺሪ፣ ዣኦና ባልደረቦቻቸው ከ4 ሚሊሜትር በታች የሆነውን ቱቦ ለይተው ያጠኑት፣ ተጎታችና የእርሻ መሣሪያ የሚሠራው ከእርሱ ስለሆነ ነው። ብየዳ ጠርዙ ላይ የሚተወው ትንሽ ቦይ ለቀጭን ግድግዳ ምን ያህል ጠንቅ እንደሆነም አሳይተዋል። ይህ ለማንም ግልጽ ነው፤ የ0.3 ሚሊሜትር ቦይ በ12 ሚሊሜትር ግድግዳ ላይ ጭረት ነው፣ በ1.2 ላይ ግን ሩቡን መብላት ነው። ስለዚህ ቀመሩን ለትክክለኛ ቁጥር ሳይሆን ለአቅጣጫ ያዙት። አቅጣጫው አያሻማም።

እዚህ ላይ በያጁም ድርሻ አለው። የ1.2 ግድግዳ ላይ በኃይለኛ ከረንት ገብቶ ቦይ የሚቆፍር በያጅ ጥፋተኛ ነው። ግን ያ ጥፋት የሚከፋው እኮ ገጹን ቀጭን አድርገን ስለሰጠነው ነው። ለስህተት ቦታ የሌለው ብረት ሰጥቶ ስህተት ሲገኝ መጮህ ፍርድ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ውፍረት ይጻፍ። ውል፣ የጨረታ ሰነድ፣ ደረሰኝ ላይ «ቱቦላሬ 40 በ40» ብሎ ማቆም ይብቃ። «40 በ40 በ2» ይባል። ሲረከቡም ይመዘን። ሚዛን ደባርቅ ገበያም ዳባት ገበያም አለ። 2 ሚሊሜትር ተብሎ የተሸጠ 40 በ40 ዘንግ 14 ኪሎ አካባቢ ካልመጣ፣ 2 ሚሊሜትር አይደለም። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ዋናው ከቅርንጫፉ ይወፍር፣ ቢቻል እጥፍ። የቅርንጫፉ ስፋት ደግሞ ወደ ዋናው ይጠጋ። 40 ላይ 40 ሲቀመጥ የቅርንጫፉ ጎኖች በዋናው ጎኖች ላይ ያርፋሉና ኃይሉ በቀጥታ ይወርዳል። የዋናው ማዕዘን ክብ ስለሆነ በጎኑ የሚተወው ክፍተት ግን በደንብ ተሞልቶ ይበየድ።

ሦስተኛ፣ ዋናው ቱቦ ላይ ትርፍ ነገር አትበይዱ። ቀለበትና መያዣ በብሎን በሚጠብቅ ማቀፊያ ይታሰር፤ የግድ ከተበየደም ከመጋጠሚያው ይራቅ።

አራተኛ፣ ስንጥቅ ላይ ብየዳ አትደርቡ። እስከ ሥሩ ተሞርዶ ይውጣ፤ ከዚያ በፊት ግን «ለምን ተሰነጠቀ?» ይባል። መልሱ ቀጭን ገጽ ከሆነ ያ ቁራጭ ይቀየር።

አምስተኛ፣ ይታይ። ለቦሎ ፍሬን፣ መብራትና ጎማ ስንመለከት የፖርቶመጋላውን እግርና የወንበሩን ሥርም እንመልከት። ሾፌሮች ደግሞ ሊማሊሞን ከመውረዳችሁ በፊት ደባርቅ ላይ ለሻይ መቆማችሁ አይቀርም። ረዳቱ በስልኩ መብራት የመጋጠሚያዎቹን ማዕዘን ይይ። ቀለም ላይ ፀጉር የምታክል መስመር፣ ከእርሷም የወረደ የዝገት እንባ ካለ፣ ስንጥቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችንና ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የምለው አለኝ። የሕንፃ አዋጁ ስለ ሕንፃ ነው፤ ፖርቶመጋላን አያውቅም። በ2015 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓው ኮድ የወሰድነው የግንባታ ደረጃም ጋራዥ ድረስ አልወረደም። ስለዚህ ይህ ሥራ ማንም ካልያዘው የማንም ሆኖ ይቀራል። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ከኮምፒዩተር ወጥቶ ደባርቅ መናኸሪያ ይምጣ። አንድ እውነተኛ መጋጠሚያ ላይ የመለጠጥ መለኪያ ይለጥፍና ሊማሊሞን ወርዶ ይመለስ። የተገኘው ቁጥር በአማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ በየብየዳ ቤቱ ይለጠፍ። የምዘና ፈተናውም «ብየዳው ያምራል ወይ?» ብሎ አይብቃ፤ «ይህ ቱቦ እዚህ ላይ መበየድ ነበረበት ወይ?» ብሎም ይጠይቅ።

ለበያጆች ደግሞ አንድ ቃል። ውፍረቱ የማይበቃ ቱቦ ሲመጣላችሁ «አይሆንም» በሉ። እንጀራችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንተ እንቢ ብትል ጎረቤትህ ይሠራዋል። ለዚህ ነው አንድ ብየዳ ቤት ብቻውን የማይችለው፤ የከተማው ብየዳ ቤቶች ተነጋግራችሁ ለተሽከርካሪ ሥራ አነስተኛ ውፍረት ብትወስኑ ግን ባለንብረቱ ወዴት ይሄዳል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ቱቦላሬ፣ ላሜራ፣ ፖርቶመጋላ የሚሉትን ቃላት ከጣሊያን ወስደን የራሳችን አድርገናል። ሊማሊሞንም ጣሊያን ቆፍሮት እኛ ስንመላለስበት ኖረናል። በዚያ መንገድ ላይ በሰው አናት የሚሄደው ብረት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ መጠየቅ ግን የማንም ውርስ አይደለም፤ የእኛ ሥራ ነው።

መኪና ላላቸው፣ ብየዳ ቤት ላላቸው፣ ጨረታ ለሚጽፉ ወዳጆቻችሁ አስተላልፉት። የማትስማሙ ካላችሁ ከሥር ጻፉ፤ ስትጽፉ ግን ቁጥር ይዛችሁ ኑ።